ሳይቋጠር የተሰፋው ክንፍ

ሳይሚ አርፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ባሏ ኦስካሪ የሐይቁ በረዶ ከድቶት ከሰመጠ ሁለት ክረምት አልፏል። በእነዚህ ሁለት ክረምቶች አልጋዋን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አራት ጊዜ አዛውራለች፣ ሳይጠሯት ሄዳ የጎረቤት እንጨት ፈልጣለች። በመጨረሻም ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያፈጠጠባትን የኦስካሪን የበግ ቆዳ ካፖርት አውርዳ ለፖስተኛው ሰጠችው። እኔ አልፈርድባትም። የኦስካሪ እህት ሂልያ ግን ፈረደችባት። የወንድሟን ካፖርት ፖስተኛው ለብሶት ካየች ቀን ጀምሮ ሳይሚን ማናገር ተወች።

ሌላ ቦታ ቢሆን ተራ የቤተሰብ ኩርፊያ ሆኖ ይቀር ነበር። ችግሩ ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንፍ ወዲህና ወዲያ ቆመው የሚውሉ መሆናቸው ነው። ሥራቸው ሐይቁ ዳር ባለው የጦር አውሮፕላን ጥገና ቤት ነበር። አውሮፕላኖቹ ክንፈ ድርብ ናቸው፤ ከፊት አብራሪው፣ ከኋላ ድንበር የሚቃኘው ወይም በረራ የሚማረው ይቀመጣል። ክንፋቸው የእንጨት ጎድን ላይ የተወጠረ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ክንፉን በጠርዙ ያቆሙትና አንዷ ረጅሙን መርፌ ታሳልፋለች፣ ሌላዋ ከወዲያ ተቀብላ ትመልሳለች። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር በየስፌቱ ይቋጠራል። የምትቋጥረው በመስኮቱ በኩል የቆመችው ናት፤ ብርሃኑ እዚያ ነዋ።

ታዲያ በየካቲት ውሽንፍር መስኮቱን ሰበረው። በሳንቃ ደፈኑትና መብራቱን በማዶ፣ በሂልያ በኩል ሰቀሉት። ሳይሚ «ቋጠሮው ከብርሃኑ ጋር ሄዷል» ብላ አሰበች። ሂልያ ደግሞ «መስኮቱ ጋ ያለችው ናት» አለች በሆዷ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሁለቱም ዋጡት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ኩርፊያቸውን እንደያዙ ሰፉ። ከዚያ በስፌቱ ላይ ጥብጣብ ተለጠፈ፣ ቀለም ተቀባ፣ ክንፉም ተመርምሮ ተፈረመለት።

ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሳይሚ ቤቷ ገብታ ገና ከመጥረጓ መጥረጊያው እጇ ላይ ቀረ። መስኮቱ የተሰበረ ቀን የጥገና ቤቱን ወለል የጠረገችው እሷ ናት፤ ከየቋጠሮው የሚቆረጠው የክር ጫፍ ግን በሷም በኩል፣ በሂልያም በኩል አልነበረም። ያ ክንፍ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብራሪውን መቶ አለቃ ቪርታንና አንድ ተማሪ ይዞ ሊነሳ ነው።

የበረዶ መንሸራተቻዋን አስራ ወደ ሂልያ ቤት ከነፈች። ሂልያ እንደማንኛውም ቅዳሜ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያዋ ውስጥ ገብታለች። ሳይሚ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ በሩን በረገደችው።

«በሩን ዝጊ! ሙቀቱን አስወጣሽው» አለች ሂልያ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር።

«መስኮቱ የተሰበረ ቀን ማን ነው የቋጠረው?»

«አንቺ ነሻ! መስኮቱ ጋ የቆምሽው አንቺ።»

«መብራቱ አንቺ ጋ ነበር እኮ!»

«መብራት ደግሞ መቼ ቋጥሮ ያውቃል?»

ሂልያ የጋለው ድንጋይ ላይ ልታፈስ ያነሳችውን ውሃ ቀስ ብላ ወደ ባልዲው መለሰችው። ፊቷ ቀልቷል፤ ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

«ቪርታ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? ልብሴን አቀብዪኝ!»

አውሮፕላኖቹ የሚነሱበት የሐይቁ በረዶ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ያጓራል፣ ተማሪውም ከኋላ ተቀምጧል። የጥገና ቤቱ አለቃ ኬቱነን እጁን እያወናጨፈ መጣባቸው።

«ከዚህ ዞር በሉ! ክንፉ ተመርምሯል፣ ተፈርሟል!»

«የተፈረመው ቀለሙ ላይ ነው» አለች ሂልያ፣ እርጥብ ፀጉሯ በብርዱ በረዶ ሆኖ። «ውስጡን እኛ ነን የምናውቀው።»

መቶ አለቃ ቪርታ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ በቢላዋ ጥብጣቡን ሰነጠቀና የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ሳበ። ክሩ መጣ። የትም ሳይያዝ፣ ከጎድኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እየተመዘዘ ወጣ። ቪርታ ጓንቱ ላይ ጠቀለለው። ተማሪው ከመቀመጫው ወርዶ በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

«ሪፖርት እጽፋለሁ፣ የማን ስም ነው የሚገባው?» አለ ኬቱነን፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንዳችሁ ከሥራ ትሰናበታላችሁ።»

ሳይሚ ከዚያ ሥራ ሌላ ቀኗን የምታሳልፍበት ነገር አልነበራትም።

«የኔን ጻፍ» አለች። «መስኮቱ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሳይሚ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፈችው ባልናገር ይሻላል። ሰኞ ረፋዱ ላይ ወለሉን ለሦስተኛ ጊዜ ስታጥብ በሩ ተንኳኳ። ኬቱነን ነው፤ አመልካች ጣቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

«ነይ እንሂድ» አለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያቺ ሴትዮ መርፌውን ክንፉ ውስጥ ሰክታ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ! ሌላ ሴት ብሰጣት አልሰፋም አለች። እኔው ከወዲያ ልቀበልሽ ብላት ጣቴን ወጋችኝ።»

«ሳታይህ ይሆናል።»

«አይታ ነው እንጂ!»

«ሳይሚ ትምጣ አለች?»

«ኧረ ምንም አላለች! መርፌውን ይዛ በሩን በሩን ታያለች።»

ሳይሚ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተከተለችው። ጥገና ቤት ገብታ ከክንፉ በዚህ በኩል ቆመች። በጨርቁ ማዶ ሂልያ አትታያትም። መርፌው ወጣ፤ ሳይሚ ተቀብላ ክሩን አጠበቀችና ቋጠረች።

«ቋጠርሽ?» አለች ሂልያ ከማዶ።

ሳይሚ የተረፈውን የክር ጫፍ ቆርጣ ወለሉ ላይ ጣለች።

«አንቺን እኮ ነው! ቋጠርሽ?»

«ቋጠርኩ።»

«እንግዲያው አትቸኩዪ። ገና ብዙ ይቀረናል።»