ዐይንህን ጨፍን
በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከጊንጪ ስመለስ አውቶቡሳችን ከተገለበጠ ወዲህ እጄ መንቀጥቀጡን አልተው አለኝ። ኮልፌ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሰው በንግግር እያስተኛ ከድንጋጤ ያድናል ቢሉኝ ሄድኩ። አማርኛ ስለማይችል የሚያስተረጉሙለት ኮሪያ የዘመቱ የቀድሞ ወታደር፣ አቶ በየነ ናቸው።

«ዐይንህን ጨፍን… ሰውነትህ እየከበደ ነው… አሁን የሚያሰጋህ ነገር የለም» ይሉኛል፣ ፈረንጁን እየተከተሉ በለሆሳስ። እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም፤ ልፋታቸውን አይቼ ግን በይሉኝታ ጨፈንኩ።

ቆይቶ ድምፃቸው ጠፋ። ዐይኔን ገለጥ አድርጌ ሳይ ለካ የተኙት እሳቸው ናቸው! ልቀሰቅሳቸው ስነሳ፣ እንደተኙ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ጥዬው አልሄድም፣ ጌታዬ! ገና ይተነፍሳል እኮ!»

ፈረንጁ ክንዴን ይዞ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ምን አሉ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ መልሴን የሚያስተረጉሙልኝ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።