የነፋስ ወፍጮው ቤት ፓነኩክ

ሆላንድ ውስጥ፣ ከዴልፍት ወደ ስኪዳም በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የነፋስ ወፍጮ አለ። ከዴን ሃግ ወደ ሮተርዳም ስንመላለስ ከሩቅ አየው ነበር እንጂ ውስጡ ምግብ እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር። ያሳወቀችኝ የልጅ ልጄ ናት።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ምግብ እምቢ ብላ ነበር። ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ፣ ትንሽ ሾርባ ቀመስ ታደርግና ሳህኑን ትገፋዋለች። ሁዳዴን በጾም አሳበበች። ፋሲካ ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ፣ እሷ ግን እንደ ጾመች ቀረች። ሀውስአርትሳችን፣ የሠፈራችንን ሐኪም ማለቴ ነው፣ ሚዛን ላይ አቆማትና ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ስትመጣ ከዚህ ከቀነሰች ሆስፒታል ተመልሳ በቱቦ ነው የምትመገበው አለ። ልጃችን ስታስተረጉምላት «እሺ» አለች፤ ማታ ግን ሳህኑን ገፋችው።

ልጃችን የምትኖረው ካፔለ አን ደን አይሰል ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ዛሬስ ትንሽ አየር ይቀይሩ» ብላ ሁላችንንም መኪና ውስጥ ከተተችን። የምንሄድበትን የመረጠችው ትንሿ ናት።

ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። የእንጨት ጫማ፣ ግን ጀልባ የሚያህል! በሩ ላይ አስቀምጠውት ልጆች ይገቡበታል ይወጡበታል። የልጅ ልጄም ዘላ ገባችና ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ «ኦፓ፣ ና ግባ! አንተንም ይችልሃል» አለችኝ። ኦፓ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

እናቷ «እርስዎ በይ!» ብላ ተቆጣቻት።

«ተያት» አልኩና ገባሁ። እውነትም ቻለኝ።

እዚያው ጫማው ውስጥ ተቀምጬ ቀና ስል ወፍጮው ከላዬ ቆሟል። ከመንገድ ሲያዩት መጫወቻ ነበር የሚመስለው። ሥሩ ሆነው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። አራት ክንፍ አለው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ሹው... ሹው... ይላል፣ የሚተነፍስ ፍጥረት ይመስል። እኔ ያደግሁበት ወፍጮ በናፍጣ እየጮኸ፣ ሠፈሩን እያጨሰ ነበር የሚፈጨው። ይህ ያን ሁሉ እንጨት የሚያዞረው በነፋስ ብቻ! ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ገብተን መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ክንፉ ባለፈ ቁጥር ጥላው ጠረጴዛችንን ጠርጎት ይሄዳል። አስተናጋጇ ስትመጣ ልጄ አፏን ሳትከፍት ጣቴን ቀሰርኩና «አንድ ፓነኩክ፣ በፖም» አልኩ። ፓነኩክ ቂጣቸው ነው፤ ቤቱም የታወቀው በእሱ ነው።

ሴትዮዋ አራታችንንም ተራ በተራ አየችን። «ለአራት?»

«አዎ፣ አንድ።» አንድ ቤተሰብ ስንት ሳህን ያስፈልገዋል?

ሳቅ ብላ ሄደች። ልጄ አንገቷን ደፋች። «አባዬ፣ እዚህ እኮ ለየራስ ነው የሚታዘዘው! ሆላንዶች ራሳቸው እንኳ ከነቆጣቢነታቸው አንዱን ለአራት አያደርጉትም።»

«ለብቻ ለብቻማ እቤትም እንበላለን» አልኳት። ሆስፒታል ሳለች ለባለቤቴ የብቻዋን ትሪ ነበር የሚያመጡላት። ቤት ከገባችም በኋላ ለሕመሟ የሚስማማውን ለይተን አብስለን፣ ለይተን እናቀርብላት ነበር። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ልብ አላልኩትም።

ፓነኩኩ መጣ። ሰፌድ የሚያህል! ከሳህኑ ተርፎ ዳር ዳሩ ተንጠልጥሏል፤ የፖሙ ክብ ክብ ቁራጭ አብሮ ተጋግሯል። ስትሮፕ የሚሉትን፣ ጥቁር ማር የመሰለ ነገር አፈሰስንበት። ባለቤቴ የቀረበላትን ሹካ ወደ ጎን አደረገችው። ይኸው፣ ልትገፋው ነው ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መለስ ስል እጇ ሳህኑ ላይ ነው። ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ለልጅ ልጇ አጎረሰቻት።

ትንሿ ጉንጯ ተነፍቶ «ላከር!» አለች፤ ይጣፍጣል ማለቷ ነው። ከዚያ እሷም በትንንሽ ጣቶቿ ቦጨቀችና፣ ስትሮፑ እስከ ክርኗ እየወረደ፣ አያቷ አፍ ላይ ደቀነችው። «አሁን ያንቺ ተራ ነው፣ እማማ።»

በዚህ ጊዜ እናቷም «እርስዎ በይ» አላለቻትም።

ሳህን ይገፋል። የልጅ እጅ ግን እንዴት ተደርጎ ይገፋል? ባለቤቴ አፏን ከፈተች። የክንፉ ጥላ መጣ፣ አለፈ፣ ደግሞ መጣ። አላመጠች፣ ዋጠች። ልጅቱ ደገመቻት። ሦስተኛውን ባለቤቴ ራሷ ቆረሰች።

«ሊጡ አልቦካም» አለች ባለቤቴ ከንፈሯን እየጠረገች። «ይህን የሚያህል ወፍጮ አቁመው ሊጥ ማቡካት ያቅታቸው?»

ልጄ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። እኔ ሳቁም መጣብኝ፣ እንባውም መጣብኝ፤ አፏን አያለሁ።

አስተናጋጇ የበቃን መስሏት ሳህኑን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ባለቤቴ ጠርዙን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ንገሪያት እንጂ» አለቻት ልጄን፣ «ገና እየበላሁ ነው።»