ግራው የአባት፣ ቀኙ የልጅ

ልብስ ሰፊዋና አባቷ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት እንኳ ቢጫ ሆኖ ዳር ዳሩ ተጠቅልሏል። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብለዋል፤ ረጅሙ መስመራቸው ከአልጋ ተነስቶ ሶፋው ላይ ያበቃል። ንግግራቸውም አጥሯል። ድሮ መንገድ የዘጋባቸውን ሹፌር እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ሲሰድቡ የሚሄዱት ሰውዬ፣ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሀል ላይ ቆም ብለው መተንፈስ አለባቸው።

እሷም ብትሆን ከእሳቸው ብዙ አትሻልም። ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ መርፌዎቹ አንገትጌዋ ላይ እንደተሰኩ ይውላሉ። ክር ለመግዛት ወይም የተሰፋ ለማድረስ ስትወርድ፣ «አባዬ ወድቆ ይሆን?» እያለች ደረጃውን በሩጫ ትመለሳለች። ደንበኞቿ «ምነው ጠፋሽ?» ሲሏት «የት አባቴ እጠፋለሁ! ብትወጡ እዚያው ነኝ» ትላለች።

ቤቱ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ጌም የወንድሟ ነበር። አግብቶ ሲወጣ «ሚስቴ አትወደውም» ብሎ ማጫወቻውን ከነገመዱ ትቶት ሄደ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አባትየው በደህናው እጃቸው የሚሠሩት ነገር እንዲፈለግላቸው ስትመክር፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያቀረበችላቸው የአዝራር ሳጥን ነበር፤ ትንሽ ትልቁን እንዲለዩላት። አባቷ ሳጥኑን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ዶሮ ነኝ እንዴ የምለቅመው?» አሉ።

ማጫወቻው ከአልጋ ሥር የወጣው እንግዲህ ያኔ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው በደንብ ማስረዳት ያስፈልጋል። የዚህ ቤት ጉዳይ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ደግሞም ሲነገር ከሚመስለው በላይ የሚያስደስት ነገር ነው። አንድ ጥቁር ግንብ አለ። ውስጡ የሰው ደም እየመጠጠ ዘመናት ያስቆጠረ መስፍን ይኖራል። አንዲት የደወል ሠሪ ልጅ የብር መዶሻ ይዛ ልትገድለው ትገባለች፤ ገና ከመግባቷ የግንቡ በር ከኋላዋ ይዘጋል። በቫምፓየር ታሪክ በሩ መዘጋት አለበት። ክፍት ቢሆን ማንም ጤነኛ ሰው የመጀመሪያውን አፅም እንዳየ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል።

ሌላው ደንብ መስታወት ነው። ደም መጣጭ በመስታወት አይታይም ስለሚባል፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች መስታወት ያለበትን ክፍል ሁሉ የዕረፍት ቦታ አድርገውታል። እዚያ ክፉ ነገር አይገባም። አዳኟ ከሞተች የምትነሳውም መጨረሻ ፊቷን ያየችበት መስታወት ፊት ነው። ብልህ ሐሳብ ነው! ለማስፈራሪያ የነበረው ተረት መጠለያ ሆኖ አረፈው።

ከሁሉ የሚያስመርረው ግን የመስፍኑ ንግግር ነው። የዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ዋናው ጠላት ሳይናገር አይዋጋም። በተሸነፉ ቁጥር ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያው መስማት ግድ ነው፤ አይዘለልም። ንግግሩ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ልብስ ሰፊዋ ከሥር የሚጻፈውን እያየች፣ ድምጿን አወፍራ ለአባቷ ትተረጉማለች፦

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ የደወል ሠሪ ልጅ። በሬን ያንኳኳ ሁሉ ገብቷል፤ የገባ ሁሉ ቀርቷል። እኔም መውጣት ብችል ኖሮ እዚህ አታገኚኝም ነበር።»

አባቷ መጀመሪያ የሰሙት ቀን ግራ ገባቸው። «እሱም... ታስሯል እንዴ?»

«ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል አባዬ። መውጣት አይችልም።»

«ታዲያ ምን አጠፋ? ቤቱ ተቀምጦ... ሰብራ የገባችው እሷ።»

«ሰው ይበላል እኮ!»

«ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣበታለቻ!»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቅ ከዚያ ቤት ከወጣ ሰነባብቶ ነበር።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚጫወቱ። ጆይስቲክ የተሠራው ለሁለት እጅ ነው። በግራ አውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ዘንግ አዳኟን ታስኬዳለች፤ በቀኝ በኩል ያሉት ቁልፎች ያዘልላሉ፣ ያስመታሉ። አባትየው ያላቸው ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ በቀኛቸው ትቀመጣለች፤ የማይታዘዘውን ክንዳቸውን ትራስ ላይ አሳርፋ ጆይስቲኩን በመሀላቸው ይይዙታል። መሄድ የአባት፣ መምታት የልጅ። መጀመሪያ ላይ እሷ የምትመታው አየር፣ እሳቸው የሚሄዱት ወደ ግድግዳ ነበር። እየቆየ ግን ሳይነጋገሩ መግባባት ጀመሩ፤ እሳቸው ወደ ጠላት ሲጠጉ የእሷ ጣት ቀድሞ ይዘጋጃል። ሰውዬው ለካ መንዳት አልረሱም። በጠባብ ኮሪደር፣ በሚሽከረከር መጋዝ መሀል አዳኟን የሚያሳልፏት በሥራ መውጫ ሰዓት አውቶቡስ እንደሚያሳልፉ ሆነው ነው። ተሳስተው ገደል ሲከቷት ደግሞ እንደ አውቶቡስ ረዳት ይጮኻሉ፦ «ወራጅ አለ!»

ጌሙ ሲጀመር ሦስት የክብደት ደረጃ ያስመርጣል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ቀላሉ ላይ ጠላቶቹ ቀርፋፋ ናቸው፣ ስህተትም ይታለፋል። ግን የሚከፈልበት ነገር አለ። በቀላሉ ያሸነፈ ሰው መስፍኑ ሲወድቅ ያያል እንጂ የግንቡ በር ተከፍቶ አዳኟ ስትወጣ አያይም፤ ስክሪኑ በሩ ላይ ይጨልማል። የበሩን ማዶ የሚያሳየው ከባዱ ብቻ ነው። አባቷ ይህን ሲሰሙ አላመነቱም።

«ከባዱን። ግማሽ መንገድ ላይ... ሰው አላወርድም።»

በዚሁ መሀል ነው ስልኩ የተደወለው። ድሮ አብራት ስፌት የተማረች ጓደኛዋ በሌላ ከተማ የልብስ ማምረቻ ከፍታለች። ቅድ የምታወጣ ሰው ትፈልጋለች፣ መኖሪያም አለ፣ መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቃለች። አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ የወጡ ጉልበተኛ ሴት፣ ይህን ሲሰሙ «እኔ ገብቼ ከወንድሜ ጋር እኖራለሁ፤ አንቺ ሂጂ» አሉ። የማይስማማቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነበር።

«ደም የሚመጥ ነገር ሳሎን አስቀምጣችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ይሏቸዋል በመጡ ቁጥር።

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ጠየቀቻቸው። አባቷ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ መለሱላት።

«መጀመሪያ... ይቺን እንጨርስ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

የቀራቸው መስፍኑ ብቻ ስለነበር ተስማማች።

የመስፍኑ ፍልሚያ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሰይፍ ይመጣል፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ መምታት ነው። ቀጥሎ ጥላው ከወለሉ ተነስቶ ያግዘዋል። ሲቆስል ደግሞ የሌሊት ወፍ መንጋ ሆኖ ይበተንና ይወርዳል። ያኔ ወደ ግራ፣ ከትልቁ ዓምድ ጀርባ መሸሽ ብቻ ነው መዳኛው። በቀኝ በኩል ወለሉ ፈርሶ ጉድጓድ ተከፍቷል። ከባድ ነው እንጂ ምስጢር አይደለም፤ ጠላቱ ሁልጊዜ ያንኑ ያደርጋል፤ ሰው ይሞታል፣ ይማራል፣ ያልፋል።

እነሱ አላለፉም። ከምሳ በኋላ ይቀመጣሉ፣ ንግግሩን ይሰማሉ፣ ሰይፉን ያልፋሉ፣ ጥላውን ያልፋሉ። የሌሊት ወፎቹ ሲመጡ አባትየው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። አዳኟ ጉድጓድ ትገባለች፤ መስታወቱ ፊት ትነሳለች፤ ንግግሩ እንደገና ይጀምራል፦ «የገባ ሁሉ ቀርቷል።»

«ግራ አባዬ፣ ግራ!»

«እ... አዎ። ግራ።»

በማግስቱም ቀኝ። ሐኪሙ ርቀትና አቅጣጫ ሊያምታታቸው እንደሚችል ነግሯት ስለነበር ታገሠች። በመስፊያ ጠመኔዋ ጆይስቲኩ ላይ የግራውን ጎን ምልክት አደረገችላቸው። ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው። ጨርቅ ስትቀድ መቀሱ እጇ ላይ ይቆምና የመስፍኑ ንግግር ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል፤ ራሷን የምታገኘው ግድግዳውን እያየች ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከነከናት። አባቷ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ «ወራጅ አለ» ብለው አያውቁም።

አንድ ቀን አባቷ በምርኩዝ እየተጎተቱ ከመታጠቢያ ቤት እስኪመለሱ፣ ጌሙን ወደ ቀላል ቀየረችው። የበሩ ማዶ ይቅርብን አለች በልቧ፤ ይለቅና እንነጋገር።

ተቀመጡ። ሰይፉን አለፉ። ጥላው እንደ ምንም ወደቀ። የሌሊት ወፎቹ መጡ፤ አባትየው ወደ ቀኝ ሄዱ፤ አዳኟ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንሸራተተች። ቀላሉ ላይ ግን ጌሙ ይራራል። ከባዱ ላይ ቁልቁል የምትወረወረው ልጅ እዚህ ጫፉን በጣቶቿ ያዘች፤ ተንጠለጠለች። ካልተነካች እዚያው ትቆያለች። እንድትወድቅ ካስፈለገ አንድ ሰው ዘንጓን ወደ ታች ተጭኖ መያዝ አለበት።

ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑን ትታ ጆይስቲኩን አየች። የአባቷ አውራ ጣት ዘንጓን ወደ ታች ተጭኗል። ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን።

አዳኟ ወደቀች።

«አባዬ።»

«እ?»

«ይዛ ነበር እኮ። አንተ ነህ ያስለቀቅካት።»

አባትየው አውራ ጣታቸውን ከዘንጓ አነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩባት። «ይቺ... መቼ ነው መያዝ የተማረችው? ከባዱ ላይ አትይዝም።»

እሷ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«አታለልሽኝ» አሉ።

«አንተስ?»

መስፍኑ ንግግሩን ጀመረ። አልተረጎመችም። አባትየው በእሷ ፈንታ፣ ሳይቆሙ፣ ሳይተነፍሱ፣ ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ በአንድ ትንፋሽ ብለውት የማያውቁትን ያህል ረጅም ነገር አሉ፦ «በሬን ያንኳኳ ሁሉ ገብቷል፤ የገባ ሁሉ ቀርቷል።»

ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ስንጨርስ... ትሄጃለሽ።»

«ባንጨርስም እሄዳለሁ አባዬ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን እንደምትል እሷም አታውቅም ነበር። ስክሪኑ ላይ መስፍኑ ሰይፉን መዞ አዳኟን ይቆራርጣታል፤ የሚያንቀሳቅሳት የለም። አባቷ የተኛውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እዚህ... ብቻዬን» አሉ።

«ብቻህን አይደለም። አክስቴ አለች።»

«ጆሮዬን... ትበላዋለች።»

«ትብላው። ሁለት አለህ።»

አልሳቁም። ግን አፋቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ስልኳን አነሳች፤ እዚያው ፊታቸው ቆማ ለጓደኛዋ ደወለች፣ «እመጣለሁ» አለች፣ ዘጋች። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ስፌት መኪናው ላይ ወረወረችው። ከዚያ ጌሙን ወደ ከባድ መለሰችው።

«በል። አሁን የምንደባበቀው የለም። ግራ።»

ንግግሩን ሰሙ። ሰይፉን አለፉ። ጥላውን አለፉ። የሌሊት ወፎቹ ጣራውን አጥቁረው ሲወርዱ የአባቷ አውራ ጣት ዘንጓን ወደ ግራ ገፋ፤ ዓምዱ ጀርባ ገቡ፣ መንጋው አለፈ፣ መስፍኑ እንደገና ተሰብስቦ ከፊታቸው ቆመ። የቀረ ጉልበቱን የሚያሳየው ቀይ መስመር ክር አህሏል። አንድ ምት ብቻ። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ደርሳ ስለማታውቅ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረቀ። መስፍኑ ቀደማት። አዳኟ ተዘረረች።

«አንቺ!» ብለው ጮኹ አባቷ። «ተኝተሻል እንዴ? አንድ ምት እኮ ነው! ምን ዓይነት... ምን ዓይነት ረዳት ነው የሰጡኝ!»

እንዲህ ሲቆጡ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! እየሳቀች ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

በሩ ተከፈተ። አክስቷ ናቸው፤ ደረጃው አድክሟቸው በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው የበሩን እጀታ ይዘው ያለከልካሉ። «የምን ጩኸት ነው? ከታች ይሰማል! ይሄ ደም መጣጭ አሁንም አለ?»

አባትየው ወደ እህታቸው አላዩም። ጆይስቲኩን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው፣ ቀኙን ጎን ወደ በሩ አስቀድመው ዘረጉት።

«ይቺን... አስተምሪያት» አሏት ልጃቸውን።

«እኔ? ከዚህ ርኩስ ጋር? ሞቼ ነው ቆሜ!» አሉ አክስት። ዘንቢሉን አስቀመጡ፤ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሶፋው ላይ በወንድማቸው ቀኝ እየተደላደሉ የታጠበ አንሶላ ሲጨምቅ የኖረ ሰፊ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«የሚመታው የቱ ነው?» አሉ።