ደክዋኔ ምድር ቤት ውስጥ ራፕ መሸጥ

አረብ አገር፣ ደክዋኔ በሚባል ሰፈር፣ በአቡ ጆርጅ የስልክ ጥገና ሱቅ ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ መጥረጊያ ነበር። እሑድ ስለነበር የቤት ሠራተኛ የሆኑት የአገራችን ልጆች እየመጡ ዘፈን ጫንልን ይሉታል። እሱ አማርኛ አያውቅም። የሠርግ ዘፈን ለጠየቀችው ልጅ የለቅሶ እንጉርጉሮ ሲጭንላት አየሁና መጥረጊያዬን አስቀምጬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ሱቁን የጠረገው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ዘፈን ሆነ። ስፒከር ማከራየት ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ማይክ ገዛሁ፣ ቀጥሎ ከሱቁ ሥር ያለውን ምድር ቤት ከአቡ ጆርጅ ለእሑድ ተከራየሁ። ጠዋት ጴንጤዎቹ ያመልኩበታል፣ ከሰዓት እኔ ፓርቲ አደርግበታለሁ። ወንበሩን እነሱ ይደረድራሉ፣ እኔ አነሳለሁ። በዚህ ተግባብተን ኖረናል።

ራፕን መጀመሪያ እኔ አልወደድኩትም፤ ገበያው ነው የወደደው። ሳምንቱን ሙሉ «ናዓም ማዳም»፣ እሺ እመቤቴ፣ ስትል የከረመች ልጅ እሑድ ማይክ ስትይዝ አታንጎራጉርም፤ ትደበድባለች፣ በአፏ። ማዳሟን በረንዳ ላይ ትሰቅላለች፣ የማዳሟን ባል፣ ሚስተሩን፣ ሊፍት ውስጥ ትቆልፋለች። ሰዉ ያብዳል። ደም የበዛበት ዘፈን የቀረበ ቀን ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፤ ማስፈራራት ያስጠማል።

አንድ የሥራ ሕግ አለኝ። ማንኛዋም ራፐር ማይክ ከመያዟ በፊት ግጥሟን ያለ ቢት ታነብልኛለች። ቢት ውሸታም ነው፤ ከበሮ ካለ ሁሉም ጀግና ነው። ስም፣ ሰፈር፣ ሕንፃ የሚጠራ ግጥም አላሳልፍም። አብዛኞቹ ልጆች ከአሠሪያቸው ወጥተው ያለ ወረቀት የሚኖሩ ናቸው። ዛሬ የሰው ስም የጠራች፣ ነገ የሷ ስም ፖሊስ ጣቢያ ይጠራል።

ሰናይት የመጣችው አንጠልያስ ሰፈር ካለ የአሠሪዋ ቤት በወጣች ሰሞን ነው። ወረቀት የላትም፤ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር እየተመላለሰች በሰዓት ቤት ታጸዳለች። ግጥሟን ሱቁ ውስጥ ቆማ አነበበችልኝ። ስለ መክተቡ ሰውዬ ነው። መክተብ ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው፤ ማዳም ያልተስማማቻትን ልጅ የምትመልሰው እዚያ ነው፣ ልጅቷ የምትመታውም እዚያ ነው።

«ጥርስህን አራግፌ ለውሻ እሰጣለሁ፣
መክተብህን ከነበሩ ባንዴ አነደዋለሁ» ትልና ስሙን ከነአባቱ ትጠራለች።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«ጨረስኩ። እንዴት ነው እትዬ?»

«ክብሪት አለሽ?»

«የምን ክብሪት?»

«መክተቡን የምታነጂበት።»

ፊቷ ጠቆረ። «ቀልጂ አንቺ! ነጋዴ ነሽ፣ የሚገባሽ ትኬት ብቻ ነው።»

«አዎ፣ ነጋዴ ነኝ። እስር ቤት ውስጥ ደግሞ ትኬት አይሸጥም። አልማዝ እሑድ እሑድ እዚህ እንደምትመጣ አታውቂም?»

አልማዝ የመክተቡ አስተርጓሚ ናት፣ የአገራችን ልጅ። ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች፣ ሰኞ ሰውዬው ያያል። ስሙን ከነማስፈራሪያው ካገኘ ለፖሊስ የሚያሳየው አገኘ ማለት ነው። ሰናይት ትያዛለች፣ ከዚያም ወደ አገር ትጠረዛለች።

«ትቅረጸኝ!» አለች። «ፈርቼ ዝም ካልኩ፣ ያኒ፣ ምኑን ወጣሁት? አሁንም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነኝ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ በዚህ ግጥም ከኔ ማይክ አታገኚም» አልኳት።

«ሌላ ቦታ አገኛለሁ» ብላ ወጣች። እንደምታገኝ አውቅ ነበር። ግጥም ሳይሰማ ማይክ የሚያከራይ ዶራ ሰፈር ሞልቷል።

እሑድ ስፒከሬን ይዤ ጴንጤዎቹ እስኪጨርሱ ከኋላ ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ነበር፤ አንዷ ትነሳና ጌታ ከምን እንዳወጣት ትናገራለች። እህት አስቴር ተነሳች፣ አሮጊት የምታስታምም ረጋ ያለች ሴት።

«ማዳሜ መክተብ መልሳኝ ነበር» አለች። «ሰውዬው ሰዓቱን ፈታ። እንዳይሰበርበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ…»

ሳትጨርስ ከፊት አንዷ «ፓርዶን!» አለች፤ ይቅርታ እንደማለት ነው። ከመሃል ሌላዋ ደገመች። ከጎኔ ያለችው አፏን በሻርፗ ያዘች።

አስቴር ራሷን ነቀነቀች። «አዎ። ‹ፓርዶን› አለኝና መታኝ።»

ስንት ዘመን ዘፈን ስሸጥ፣ ሰው አዝማቹን ከዘፋኟ ቀድሞ ሲያውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ደረጃው ላይ ወጥቼ ለሰናይት ደወልኩ።

«ያ ሰውዬ ሊመታሽ ሲል ምን አለሽ?»

«ማን ነገረሽ?» አለች።

«ሰዓቱንስ?»

«ፈታው። እትዬ፣ እሱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰው ይስቅብኛል ብዬ።»

«የሚስቅ የለም። ያላ፣ ነይ።»

ወንበር ስናነሳ አስቴርን አስፈቀድኳት። «እህት አስቴር፣ የተናገርሽው ዘፈን ውስጥ ቢገባ ይከፋሻል?»

«የዓለም ዘፈን?»

«ራፕ ነው።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«ምስክርነት ነው፣ ጌታ የሌለበት።»

«እናንተ ጀምሩት፤ ጌታን እኔ እጨምርበታለሁ» ብላ ወንበሩን አብራኝ ተሸከመች።

ሰናይት ግጥሙን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቀየረችው። እሳቱ ወጣ፣ ጥርሱ ወጣ፣ ስሙ ወጣ። የገባው የሆነው ብቻ ነው፦ የበሩ መቆለፍ፣ የሰዓቱ መፈታት፣ ጠረጴዛውን ሲነካ ያሰማው ድምፅ። ማይኩን ያዘች። «ሰዓቱን ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ወደኔ ዞረና…» ብላ ቆመች። ዲጄው እንደተነጋገርነው ቢቱን ቆረጠ።

«ፓርዶን!» አለ ምድር ቤቱ።

ሁሉም አይደለም፤ በዚያ ቢሮ ያለፉት ብቻ። ከጎናቸው የቆሙት ዞረው አዩአቸው። አብራት አንድ ክፍል የምትኖር ጓደኛዋ እዚያ ማለፏን ያን ቀን ያወቀች ነበረች። አልማዝ ስልኳን ከፍ አድርጋ ስትቀርጽ ቆየች። አዝማቹ ሲደገም ስልኩ ወረደ። እሷም የመጣችው በዚያው ቢሮ ነው።

ሌሎች ግን ቀርጸው ስለነበር ዘፈኑ ወዲያው በየስልኩ ተዳረሰ። በማግስቱ አቡ ጆርጅ ጠራኝ።

«ያ ብርቄ፣ ስሚ፣ የመክተብ ሰው ነኝ የሚል ደውሎልኛል። በዘፈን ሰደቡኝ፣ አዳራሹን ዝጋባቸው ይላል። ምንድን ነው የሚለው ዘፈኑ?»

«አንድ ሰው ሰዓቱን ይፈታል፣ ‹ፓርዶን› ይላል፣ ይመታል።»

«የሰውዬው ስም አለበት?»

«የለበትም።»

«የቢሮው ስም?»

«የለበትም።»

አቡ ጆርጅ ጢሙን አሻሸ። «ታዲያ እሱ መሆኑን በምን አወቀ?»

«እሱን ጠይቀው» አልኩት።

እዚያው ፊቴ ደውሎ ጠየቀው። ሰውዬው ስልኩን ዘጋው፤ ደግሞም አልደወለም።

ሰናይት አልተያዘችም። ዛሬም ወረቀት የላትም፣ ዛሬም ፉርን ኤል ሸባክ ታጸዳለች፣ እሑድ ትዘፍናለች። መክተቡም ክፍት ነው፤ ዘፈን ቢሮ አይዘጋም። ግን እዚያ አልፈው የሚመጡ አዳዲስ ልጆች «አንቺንም?» ብለው የሚጠያየቁት እዚህ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ማስፈራሪያ የሚሰማው አንድ ሰው ነው፣ የተዛተበት። የሆነውን እንደሆነው የተናገረችን ግን ያው የደረሰባቸው ሁሉ ይሰሟታል። የሚሸጠውም እሱ ነው።