ቫትሳላባይና የካሮት ሣሩ

የሕንዷ የፑኔ ከተማ ሰው ሆይ፣ ጆሮህን አቅና! የማዘጋጃ ቤቱ አራሚ፣ የአንዲት ዶማ ባለሥልጣን፣ የመንገድ ዳር አረም ሁሉ ባላንጣ፣ ክብርት ቫትሳላባይ ትንፋሻቸው ሊያልቅ መቃረቡ ታውጇል!

ማን አወጀ? ማንም። ለአራሚ ትንፋሽ ነጋሪት የሚጎስም የለም።

ቫትሳላባይ የካሮት ሣር ከሚባለው አረም ጋር የተዋወቀችው በልጅነቷ ነው። እናቷ የባቡር ጣቢያውን የእህል ግቢ ትጠርግ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ስንዴ ሲራገፍ የፈሰሰውን በሳሪዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣና ታበጥራለች፤ ስንዴው ለቂጣ፣ ግርዱ ወደ ጓሮ። ዝናብ ሲጥል ከግርዱ መሐል ቅጠሉ ካሮት የሚመስል፣ አበባው እንደ ጨው የነጣ ነገር በቀለ። እናት፣ "የውጭ አበባ!" ብላ ውኃ አጠጣችው። ስንዴው ተበልቶ አለቀ፤ እንግዳው ግን ከተማዋን ወረሳት።

ልጅቷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በባዶ እጇ ስትነቅለው ኖረች። መዳፏ ተሰነጣጠቀ፣ ፊቷና አንገቷ ጠቆረ፣ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሙ፣ "ወይ ሣሩን ተዪ፣ ወይ ትንፋሽሽን" አላት። ወደ አለቃዋ ወደ ዶንዲራም ሄደች።

"አለቃ፣ ውስጥ አስገባኝ። ቢሮ ልጥረግ።"

"በዚህ ፊትሽ? ባለጉዳዩን ልታስበረግጊ ነው፣ እትዬ?"

"ጓንት እንኳ ስጡኝ።"

"ጓንትማ ተጠይቋል።"

"መቼ?"

"እኔ ሳልቀጠር።" ራሱ ሳቀ። ከዚያ ሆዱ ራራ መሰል፣ "ሐሙስ ዋናው ሹም የአረም ማጥፊያ ሳምንትን ይከፍታሉ። እቅፍ አበባውን አንቺ ስጪ፤ ያኔ ጉዳይሽን ጣል አድርጊ" አላት።

ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር አጠናች፦ "ጌታዬ፣ ትንፋሼ እያለቀ ነው፤ ውስጥ ያስገቡኝ።"

ሐሙስ አበባው ከገበያ መጣ። ሦስት ቀይ ጽጌረዳ፤ ዙሪያውን ማሟያ የታሰረው ነጭ አበባ ደግሞ የካሮት ሣር! ለአበባ ሻጭ ከአጥር ሥር በነፃ የሚታጨድ ጌጥ ነው። ከዓይኗ በፊት ጉሮሮዋ ለየው። ብትጥለው ሹሙን አታገኝም፤ ብትይዘው... ያዘችው።

ሹሙ ጎንበስ አሉ። አፏን ከፈተች።

"ጌታ..."

የተረፈው ፉጨት ነበር።

"ምን አለች?"

"ደስታ አንቋት ነው፣ ጌታዬ!" አለ ዶንዲራም። ተጨበጨበ። ሹሙም አበባውን አሽትተው፣ "እንዴት ያለች ስስ አበባ!" ብለው አደነቁ፤ አረሙን እንደ ሕፃን ታቅፈውም አረም ስለ ማጥፋት አንድ ሰዓት ተናገሩ።

አርብ ጠዋት ወንዙ ዳር ተመደበች፤ አረሙ ወገብ በሚደርስበት።

"ነገርሻቸው?" አለ ዶንዲራም።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"እንግዲህ ለከርሞ።"

ለከርሞ! ሦስት እግር አረም ነቅላ ተቀመጠች፤ ለአራተኛው አየር አጣች።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ትንፋሽ አለህ። ከሹሙ ፊት የምትቆምበት ቀን ከመጣ፣ እቅፍ አበባህን መሬት አስቀምጥና ያቺን ያላለቀች ዐረፍተ ነገር እባክህ...