የቲቸር ይበልጣል ተረከዝ

ኢንካልኬት የምትባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከቢቸና እስከ ሞጣ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲቸግራቸው ሰው ልከው ቢጠይቁኝ አይገርመኝም። ባለፈው ሐምሌ ግን ለወጣት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሥልጠና ልሰጥ ወደ ሞጣ ስሄድ መኪናችንን ጭቃ ያዘው። ከመንገዱ ዳር አንድ ገበሬ የጤፍ ማሳውን በከብት ያስረግጣል። የእርጥቡ አፈር ሽታና የሰኮናው ድምፅ ቲቸር ይበልጣልን ከነጠመኔያቸው ፊቴ አቆማቸው። ቀልዴ እዚያው ጠፋ።

ቢቸና እንግሊዝኛ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ክርኑ የተጣፈ ቡናማ ኮትና ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ተረከዝ የተመታበት ጥቁር ጫማ ነበራቸው፤ ሌላ ጫማ አልነበራቸውም። ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ "ተረከዝ ከሚል የላቲን ቃል የወጣች ናት" አሉን። "መልካም ጠባይን በሰው ልብ ውስጥ ደጋግሞ መርገጥ ነው፤ የጤፍ ማሳ እንደምታስረግጡት። ታዲያ የምትረግጡት ጠባዩን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሰውየውን ከረገጣችሁትማ ሰዋስዉም ተበላሸ፣ ኃጢአትም ገባችሁ።"

ለምሳሌ የወሰዱት ጠባይ እውነተኛነት ነበር። ቃሏን በጠሩ ቁጥር ወለሉን ይረግጣሉ። በሦስተኛው ርግጫ የቀኝ ጫማቸው ተረከዝ ተነቅሎ እግሬ ሥር መጣ። ኪሴ ከተትኩት።

"ተረከዜን ያየ አለ?"

"ቲቸር፣ ወለሉ ውስጥ ኢንካልኬት ሆኖ ቀርቷል" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ስንወጣ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ነገ ለወንድሜ ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ ሞጣ እሄዳለሁ። ሰው ደጅ እያነከስኩ ልቁም? እውነት አላየኸውም?"

"አላየሁም ቲቸር።"

"በል እሺ። አንተ ቀልደኛ ነህ እንጂ አትዋሽም።"

በማግስቱ መናኸሪያ አየኋቸው። አያነክሱም ነበር። ጫማቸው እኩል እንዲሆን የግራውንም ተረከዝ ነቅለውታል።

ሞጣ ደርሼ ሠልጣኞቹ ፊት ወለሉን እየረገጥኩ ቃሏን አስረዳሁ። እንደ ወትሮዬም ያንን የጎማ ቁራጭ ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ "ይህን ያወረሱኝ መምህሬ ቲቸር ይበልጣል ናቸው" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አንዷ ሠልጣኝ፣ "ቲቸር ይበልጣል እኮ ጡረታ ወጥተው እዚሁ ናቸው፤ ጎረቤታችን ናቸው" አለችኝ። ቤታቸውን አሳየችኝ። በራቸው ላይ ቆሜ ሳላቸውን ሰማሁ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ተረከዙን አላወረሱኝም። ሰርቄያቸው ነው።