እማዬ ከደጓ ነርስ የደበቀችው

እማዬ ከእንጦጦ ማርያም ስትወርድ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። የመንግሥት ሆስፒታል አስገባናት፤ ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ጠብቁ ተባልን። ሦስት ሳምንት በጀርባዋ ተኛች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ጠዋት የምታያት ነርስ ወጣት ናት፤ አፏ ማር ነው። ስትገባ የእማዬን እጅ ይዛ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? የሚያምዎት ነገር አለ?» ትላታለች። የእማዬ ፊት ይበራል። «ምንም አልልም፣ ተመስገን ልጄ።» ልጅቷም ደህና ናቸው ብላ ትጽፋለች። ምን ታድርግ፣ የነገሯትን ነው።

ውሸት ነው። ጀርባዬ ተቃጠለ እያለች ስትቃትት ነው የምታድረው። እስቲ ልየው ስላት አንሶላውን ጨምድዳ ትይዝና ልጄ ፊት አልገላለጥም ትለኛለች። ግትር ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እናቴ ያለ ግን አልገጠመኝም። አንድ ቀን ለነርሷ ልናገር አፌን ስከፍት ቆነጠጠችኝ፤ በአርባ ዓመቴ! ልጅቷ ስትወጣ ደግሞ ተቆጣችኝ። ስንቱን በሽተኛ ስታነሳ የምትውል ልጅ ናት፣ የኔን ጀርባ ልጨምርባት ወይ አለች። ክፉ ብትሆን ይነገራታል፣ ለእንደዚች ዓይነቷ ግን ያሳፍራል አለች። እኔም ዝም አልኩ። ይሉኝታን ከጡቷ ጋር ነው የጠባሁት።

ሌላ ነርስ ደግሞ አለች፣ ፊቷ የማይፈታ። ወደ እኛ ክፍል አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው። ሰላምታ አታውቅም፤ በሆዴ ስረግማት ነው የከረምኩት። አንድ ቀን አንሶላ ልትቀይር መጣች። ዞር በይ አለችኝ። እማዬን ምንም ሳትጠይቅ በጎኗ ገልበጥ አድርጋ ገለጠቻት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከወገቧ በታች ጡጫ የሚያስገባ ቁስል፣ ጠርዙ ጠቁሯል። ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን የት ነበርሽ?»



ከዚያ በኋላ ያልተደረገ ነገር የለም። ቁስሉን ያጥቡታል፣ የሞተውን ይቆርጡታል፣ መርፌ በላይ በላዩ ይወጓታል። ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቷል አሉን። ቀዶ ጥገናውም ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈች፤ የካ ሚካኤል ቀበርናት።

የቀረ ዕቃዋን ልወስድ ስመለስ ወጣቷ ነርስ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«በየቀኑ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ። አንድ ቀን እንኳ ያመኛል ብለውሽ ነበር?»

መናገር ነበረብኝ። ነገ እዚያው አልጋ ላይ የሌላ ሰው እናት ትተኛለች። ይቺ ልጅ እጇን ይዛ ትጠይቃታለች፣ ምንም አልልም ተመስገን ትባላለች፣ ደህና ናቸው ብላ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ። ፊቷን ሳየው ግን አንጀቴ አልቻለም።

«ኧረ ምንም አላለችኝም፣ ሲስተር» አልኳት።